«እቃወማለሁ»ን የሚጫን ሲጠፋ

የምርጫ አስፈጻሚነት ሥራዬን የጀመርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በአንድ ዝናባማ ሰኞ ጠዋት፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ነው። ደመወዝ አልነበረውም። የሹመት ደብዳቤዬም በቴሌግራም የደረሰኝ አጭር መልእክት ነበር፦ «ጋሽ አስራት፣ እስካሁን ከማንም ጋር ስላልተጣሉ ምርጫውን እንዲያስፈጽሙልን ተስማምተናል።»

በመንግሥት ሥራ ዘመኔ የሠራተኛ ማኅደር ስይዝና የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ብዙ የሹመት ምክንያት አንብቤአለሁ። አለመጣላት እንደ ሙያ ብቃት ሲቆጠር ሳይ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ማኅበራችን የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። የካፋ ዞንን መንገዶች፣ ድልድዮች፣ ምንጮች፣ ጤና ኬላዎችና ገበያዎች ማንም ሰው በነፃ ሊያየው በሚችል የኢንተርኔት ካርታ ላይ እንመዘግባለን። አብዛኞቻችን መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና ጡረተኞች ነን። የምንሠራው በስልክና በኮምፒውተር ይሁን እንጂ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ በገበያም፣ በለቅሶም፣ በስብሰባም እንገናኛለን። ይህ ነገር በኋላ ምን እንዳስከተለ እነግራችኋለሁ።

የማዕረጉ ተራ እንዲህ ነው። አርታዒ የሚባለው በካርታው ላይ የሚጨምርና የሚያርም አባል ነው። አስተዳዳሪ ደግሞ የአርታዒዎችን ሥራ ይቆጣጠራል፤ ሲያስፈልግም አካውንት ያግዳል። አርታዒና አስተዳዳሪ ሲጋጩ ጉዳዩን የሚያየው አምስት አባላት ያሉት አለመግባባት ፈቺ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ውሳኔ አስተዳዳሪንም ይገዛል። ኮሚቴው በየዓመቱ ይመረጣል።

ምርጫው ቅደም ተከተል አለው። ዕጩ የሆነ ሰው ራሱን ያቀርባል፤ ስለ ራሱም አጭር ጽሑፍ ያወጣል። ለአንድ ሳምንት አባላት በገጹ ላይ ይጠይቁታል። ከዚያ ድምፅ በምስጢር ይሰጣል። በእያንዳንዱ ዕጩ ስም ትይዩ ሦስት ቁልፎች አሉ፦ «እደግፋለሁ»፣ «እቃወማለሁ»፣ «ድምፀ ተዓቅቦ»። ተዓቅቦ አይቆጠርም። ድጋፉ ከተቃውሞው ጋር ተመዝኖ በመቶኛ ይሰላል፤ ብልጫ ያገኙት አምስት ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛዋ አስፈጻሚ ምሕረት ትባላለች፤ በከተማችን መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። አንድ ሰው በሁለት አካውንት እንዳይመርጥ የምታጣራው እርሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ገጹን ከፍታ ካሳየችኝ በኋላ፣ «ጋሽ አስራት፣ ከእርስዎ የሚጠበቀው ዝም ብሎ ማየት ነው» አለችኝ።

«እሱንማ በመሥሪያ ቤት ለምጄዋለሁ» አልኋት።

በዚያ ዓመት አዲሱን ኮሚቴ የሚጠብቅ አንድ ጉዳይ ነበር። ወይዘሮ ወርቅነሽ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ መምህርት ናቸው። ከከተማቸው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ድልድይ በጎርፍ መሰበሩን ከአካባቢው ሰዎች ሰምተው ከካርታው ላይ አነሱት። አስተዳዳሪው አቶ ክፍሌ መለሱት። እርሳቸው ደግመው አነሱት፤ አቶ ክፍሌም ደግመው መለሱት። በመጨረሻ አቶ ክፍሌ የመምህርቷን አካውንት አገዱ።

አቶ ክፍሌ ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ያልታወቀ ሰው በቢታ ገነት ዙሪያ ያሉ መንገዶችን ያለ ምንም ማስረጃ ደምስሶ፣ መልሰው ለመሥራት ብዙ ደክመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ፎቶግራፍ ምንም ነገር ከካርታው እንዳይነሣ አዘዙ። ወይዘሮ ወርቅነሽም መልስ ነበራቸው፦ «ፎቶ ለማንሣት ድልድዩ ጋ መድረስ አለብኝ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ እግር አያስኬድም። ዝናቡ ይቁምና ፎቶ ላንሣ ብል ደግሞ የጤና ባለሙያዎቹ ካርታውን አምነው ወንዙ ዳር ሄደው ይቆማሉ።»

የቀድሞው ኮሚቴ ጉዳዩን ሳያይ ዘመኑ አለቀ። ለአዲሱ ኮሚቴ ሰባት ዕጩዎች ቀረቡ። አንዱ አቶ ክፍሌ ነበሩ።

አቶ ክፍሌ በሥራ ዘመኔ አለቃዬ ነበሩ። ከተራ ጸሐፊነት አንሥተው የማኅደር ክፍል ኃላፊ ያደረጉኝ እርሳቸው ናቸው። ዛሬም ሲያገኙኝ «አንተ» ይሉኛል፤ እኔም «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

በጥያቄው ሳምንት ወይዘሮ ወርቅነሽ ደወሉልኝ።

«ጋሽ አስራት፣ የታገደ ሰው አይመርጥም የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ደንቡ እንዲያ ይላል።»

«እንግዲያው የሚፈርዱብኝን ሰዎች ሌላ ሰው ይመርጥልኛላ።»

«የሚፈርዱልዎትንም።»

«አቶ ክፍሌ እዚያ ከገቡ እኔ በቃኝ። የጨናን ካርታ ሌላ ሰው ይጨርሰው» አሉ። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። የጨና ወረዳ ካርታ ከሞላ ጎደል የእርሳቸው የእጅ ሥራ ነው።

ሳምንቱ አንድም ጥያቄ ሳይቀርብ አለፈ። በየዕጩው ሥር የተጻፈው «መልካም ዕድል» ነበር። በአቶ ክፍሌ ገጽ ላይ ደግሞ «አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን» የሚል ተደርድሯል።

ድምፅ ሲሰጥ አንድ እክል ገጠመን። ከደካ ከተማ የመጡ ድምፆች ሁሉ ከአንድ ኮምፒውተር የተላኩ ሆነው ተገኙ። ምሕረት ልትሰርዛቸው ነበር። እኔ ግን የመራጮቹን ስም አይቼ (ማንን እንደመረጡ ገጹ አያሳየንም)፣ ሁሉም የአንድ ግብርና መሥሪያ ቤት ባልደረቦች መሆናቸውን ስለማውቅ ለእያንዳንዳቸው ደወልሁ። በተራ ቁጭ ብለው በአንዱ ኮምፒውተር የመረጡ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ድምፃቸው ጸደቀ።

ምርጫው ተዘግቶ ውጤቱ ሲከፈት ምሕረት ሳቋ መጣ። «ጋሽ አስራት፣ ሰባቱም መቶ በመቶ አምጥተዋል። ፈተና ቢሆን ኖሮ ተኮራርጀዋል ብለን እንሰርዘው ነበር።»

እውነት ነበር። «እቃወማለሁ»ን የነካ አንድ ሰው አልተገኘም። ሰባት ሰዎች ለአምስት ወንበር እኩል ወጡ፤ ደንባችን ስለዚህ ነገር ምንም አይልም። ውጤቱን በቡድናችን ገጽ ላይ ስናሳውቅ ከደካ ባለሙያዎች አንዱ፣ አድማሱ፣ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ድምፁ ምስጢር ቢሆንም እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። የተቃወምሁትን ሰው ነገ ገበያ ላይ ሳገኘው በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ክፍሌ ደወሉ።

«አስራት፣ መቼም ሁላችንም አልፈናል። አምስቱን በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል አስቀምጣቸዋ። በመሥሪያ ቤት እንደምናደርገው።»

በአገልግሎት ዘመን ከተባለ የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ደንቡ ላይ የለም።»

«ደንቡ ላይ ባይኖርስ? አንተ አስፈጻሚ አይደለህም እንዴ?»

«አስፈጻሚ ስለሆንሁ ነው ጋሼ። የምሠራው ያለውን ደንብ ነው።»

«እኔን ስትመልስ ይኸው የመጀመሪያህ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ። እንደተቀየሙ ገብቶኛል። በዚያች ሰዓት እንዳሉት አድርጌ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ወይዘሮ ወርቅነሽ ብቻ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ይወጡ ነበር።

በደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ሳለሁ አንድ ነገር ተምሬ ነበር። የኮሚቴ አባላት ለባልደረባቸው ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ያፍራሉ። ነገር ግን «ነገ የእናንተ አለቃ እንዲሆን የምትፈልጉት የትኛውን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው እስክሪብቷቸው ይንቀሳቀሳል። ስለ ሰውዬው ማንነት ሳይሆን ስለ ራሳቸው ጉዳይ ስለሚያስቡ ነው።

ደንቡ አምስት ሰዎች ብልጫ ያግኙ ስለሚል፣ ያ እስኪሆን ምርጫው አላለቀም ብለን ከምሕረት ጋር ተመካክረን ከጥያቄው ሳምንት ጀምሮ እንዲደገም አስታወቅን። ማስታወቂያውን እኔ ጻፍሁት፦ «እቃወማለሁ ማለት ሰውየው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የእኔ አካውንት ቢታገድ ጉዳዬን እኚህ ሰው እንዲያዩልኝ አልፈልግም ማለት ብቻ ነው።»

ከዚያም ማንም እንደማይጠይቅ ስለማውቅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሴ ጠየቅሁ። ለሰባቱም ዕጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብሁ፦ «ራስዎ ያሉበት ጉዳይ ለኮሚቴው ቢቀርብ በውሳኔው ላይ ይቀመጣሉ?» ለሰባቱም ይሁን እንጂ ማንን እንደሚመለከት ሁሉም ያውቃል።

ምሕረት ጥያቄውን አንብባ፣ «ከማንም አልተጣሉም ብለን ነበር የሾምንዎ» አለችኝ።

አቶ ክፍሌ በማግስቱ መለሱ፦ «በራሴ ጉዳይ ዳኛ አልሆንም። ይህንንስ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር?»

ከሥሩ አድማሱ፣ «አዎ፣ ያስፈልግ ነበር» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም ጠየቃቸው፦ «አርታዒና አስተዳዳሪ ተካሰው ቢመጡ መጀመሪያ የማንን ቃል ያምናሉ?»

አቶ ክፍሌ መሸንገል አያውቁም። «ካርታውን የሚጠብቀውን» አሉ። አስተዳዳሪውን ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በሰባቱም ገጽ ላይ ጥያቄ ጎረፈ። ሰው አከበረ፣ አመሰገነ፣ ግን ጠየቀ። ድምፅ ተሰጥቶ ሲከፈት «እቃወማለሁ» በየስሙ ትይዩ ጥቂትም ብዙም ሆኖ ሰፍሮ ነበር። አምስት ሰዎች ተለዩ። አቶ ክፍሌ ስድስተኛ ሆኑ።

አዲሱ ኮሚቴ መጀመሪያ ያየው የወይዘሮ ወርቅነሽን ጉዳይ ነው። ሁለቱንም ወገን ሰምቶ እገዳውን አነሣ። ፎቶ እስኪገኝ ድረስ ድልድዩ በካርታው ላይ «አያሻግርም ተብሏል» የሚል ምልክት እንዲደረግበት ወሰነ። የማስረጃውን ደንብም አልሻረም። መምህርቷ ባግባቡ አመስግነው በዚያው ቀን ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከአቶ ክፍሌ ግን ለጊዜው ምንም አልሰማሁም። በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«አስራት፣ አንተ ምን ሰጠኸኝ?»

«ድምፅ ምስጢር ነው ጋሼ።»

«ያን ሁሉ ዘመን አብረን ሠርተን?»

«ድምፅ ምስጢር ነው ጋሼ።»

ቀስ ብለው ሲስቁ ሰማኋቸው። «የማኅደር ክፍሉን ቁልፍ ለአንተ የሰጠሁት ለዚህ ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ ጎርፍ የወሰደው ሌላ መንገድ እንዳለ ነግረውኝ፣ በካርታው ላይ ምልክቱ እንዴት እንደሚደረግ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ምርጫዎችንም አስፈጽሜአለሁ። የምርጫ አስፈጻሚ ሥራ ድምፅ መቁጠር ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰው የሚያከብረውን ሰው «እርስዎን አልመረጥሁም» ሊል የሚችልበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ነው። ያ ከሌለ የሚቆጠር ነገር አይኖርም።