ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ የሰማሁት

ባሌ እኔ መኖሬን ሳያውቅ ቢነግረኝ፣ ነገረኝ ይባላል ወይስ አልነገረኝም? እስካሁን አልገባኝም።

የገዛናት አሮጌ መኪና መስታወቷ ድፍን ጥቁር ነበር። ልጄን ታቅፌ ስቀመጥ ጉድጓድ የገባሁ እየመሰለኝ፣ ቀለል ባለ ስቲከር ቀይርልኝ ብዬ ጨቀጨቅኩት። መሳለሚያ፣ ስቲከር የሚለጥፉ ሰዎች ጋ ወሰደን። እኔ ሸማ ተራ ደርሼ ልምጣ ብዬው ሄድኩ፤ ልጄ ሲያለቅስብኝ ግን ከመንገድ ተመልሼ መኪናው ውስጥ ከኋላ ገብቼ ማጥባት ጀመርኩ።

ባሌ ከሱቁ ወጥቶ መጣና በመስታወቱ ራሱን ማየት ጀመረ። ፊት ለፊቴ ቆሞ አያየኝም። ሳቄ መጣ። ጉሮሮውን ጠራረገና፣

"ዘሀራዬ፣ ሳውዲ ልሄድ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ" አለ።

አልጣመውም መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። ፈገግ ብሎ እንደገና ሞከረው።

"ዘሀራዬ፣ አትደንግጪ እሺ? ሦስት ዓመት እኮ ቅርብ ነው።" ሁለቱ ዓመት ሦስት ሆነ።

ወደ ሱቁ ሲመለስ በወዲያኛው በር ወርጄ ተከተልኩት።

"መጣሽ እንዴ? የቱ ይሁን?" አለኝ፣ ናሙናዎቹን እያሳየኝ።

"ቀለል ያለው" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ምንም አላለኝም። እኔ ላንሳበት ወይስ እስኪነግረኝ ልጠብቅ? ዘመዶቼ ሩቅ ስለሆኑ እዚህ ከተማ የማማክረው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ይሄን ደግሞ እሱን አልጠይቀው። እባካችሁ እናንተ ምከሩኝ።