ለሥጋ ብለን የፈረምነው ወረቀት

በአንድ የመንገድ ሥራ ኩባንያ ካምፕ ውስጥ ስድስት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። ካምፑ ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ነፋስ በማይጠፋበት ገመገም ላይ ነበር። ሽሮው በበርሜል፣ ምስሩ በበርሜል፤ የሰው ሆድ ስንት እንደሚይዝ እዚያ ነው ያወቅሁት። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከልጄ ደብተር ነው። እሷ ጮክ ብላ ስታጠና እኔ እሳት እየቆሰቆስኩ መጀመሪያ በጆሮዬ፣ ኋላም በዓይኔ ተከተልኳት። ቀስ እያልኩ የዱቄት ከረጢቱን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ የወጥ ቤቱ ሴቶች ዓይን እኔ ሆንኩ። የቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እኔ፣ ስልክ ላይ መልእክት ሲገባ ወደ እኔ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ትንሽም ሳልኮራ አልቀረሁም።

ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት ኩባንያው ለፋሲካ በሬ ሊያርድልን ነው ተባለ። እንግዲህ በአገራችን ቅርጫ የሚገባ ሰው ስሙ ይጻፋል። ስሙ ያልተጻፈ ዕጣ የለውም፤ ሥጋው መደብ በመደብ ሲደረደር ቆሞ ያያል እንጂ። ስለዚህ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የአስተዳደሩ ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት ሲገባ ግፊያው ሌላ ነበር። ሃምሳ ቀን የጾመ ሰው ምን ትዕግሥት አለው?

«እናቶች፣ በተራ በተራ! በሬው አያመልጣችሁም» አለ እየሳቀ።

«አምና የደረሰኝ አጥንት ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ስሜን ከላይ አድርግልኝ» አሉት ዕቃ አጣቢዋ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንች፣ አንብቢው እስቲ፤ ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩት። «ለትንሣኤ በዓል ለሠራተኞች የሚሰጥ የሥጋ ስጦታ» ይላል፤ ከታቹ ስማችን ተደርድሯል። ከሥሩ ሁለተኛ ወረቀት ተያይዟል፤ ያው ስም፣ ያው የፊርማ ቦታ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ገለጠና የሁለተኛውን አናት በመዳፉ ይዞ፣ «እዚህም ድገሙት፤ ይኼኛው ለዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለ። እጅህን አንሣ ማለት እኮ አቅቶኝ አልነበረም። አላልኩም። «ሥጋ ነው፣ ፈርሙ» አልኩና ቀድሜ ፈረምኩ። ከኋላዬ የቆመው፣ መጻፍ የሚችል ጻፈ፤ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ። ቅዳሜ ሥጋው ደረሰን። ጥሩ ሥጋ ነበር።

ግንቦት ሲገባ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ካምፑ በር ድረስ መጡ። ከአባቴ የወረስኩት መሬት አለኝ፤ እኔ ካምፕ ስለምውል ምርቱን እኩል እየተካፈልን እንዲያርሱት የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። በእኛ ዘንድ ባለመሬት መሬቱን ሲፈልግ ዘር ሳይገባ ይናገራል፤ አራሹም ዘር ሳይበትን ይጠይቃል። ዘር ከገባ የዚያ ዓመት ምርት የሁለቱም ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስነሣም። ይህን የጻፈው የለም። ያፈረሰ ሰው ግን ሰንበቴ ላይ ቀና ብሎ አይቀመጥም።

«ልጄ፣ ገብሱን ልበትን ነው» አሉኝ። «መሬቱን ለራስሽ የምትፈልጊው ከሆነ ዛሬ ንገሪኝ። ያረስኩትን በጉልበት ትመልሽልኛለሽ፤ ቅር አይለኝም።»

«ኧረ አያ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ይዝሩት።»

«እርግጠኛ ነሽ? ኋላ ከበቀለ በኋላ እንዳትመጭብኝ።»

«መንገዱ መች አለቀና! ስማዳ እስኪደርስ እኔም እንደ እርስዎ እሸብታለሁ።»

ስቀው ሄዱ። እኔም ስቄ ወደ በርሜሌ ተመለስኩ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰብሰቡ ተባልን። አስተዳዳሪው የገልባጭ መኪናው መወጣጫ ላይ ቆሞ፣ «ፕሮጀክቱ ቆሟል። ከነገ ጀምሮ ሥራ የለም። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያው በጊዜው ስለደረሳችሁ ተዘጋጅታችኋል ብለን እናምናለን» አለ።

«ምንድን ነው የደረሰን?» አለ አንድ ድንጋይ ጠራቢ።

«ማስጠንቀቂያ። ፈርማችሁበታል።»

ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየን። ያ ሁለተኛው ወረቀት ነው፤ አሁን አናቱ ላይ መዳፍ የለበትም። የመጀመሪያዋን ፊርማ ከሩቅ አወቅኋት። ጎንበስ ያለች፣ የጀማሪ ፊርማ።

ዕቃ አጣቢዋ በቀስታ ወደ እኔ ዞሩ። «ፊደል አውቃለሁ ትይን አልነበር? የእኔስ አውራ ጣት ዓይን የለውም፤ ያንችስ?»

 

አራት ሆነን በዝናብ አርብ ገበያ ወረድን፣ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ። የተቀበለን ወጣት ትሑት ነበር፤ ወንበር አቀረበልን።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አለ፣ ከኩባንያው የደረሰውን የወረቀቱን ቅጂ ገልጦ። «እንደ እናንተ ዓመታት ያገለገለ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት፣ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ተገልጾለት ሁለት ወር ቀድሞ ማወቅ አለበት።»

«እኛ መች አወቅን?»

«ፊርማሽ አውቄያለሁ ይላል፣ እህቴ።»

«እኔ የፈረምኩት ለሥጋ ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠው ሠራተኛ ሳቁን በመዝገብ ከለለ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። «ተታለናል ካላችሁ ፍርድ ቤት አለላችሁ። ግን ምስክር ፈልጉ። ያልፈረመ ሰው ቢሆን ይሻላል።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ያልፈረመ የለም። ለፋሲካ ሥጋ አልፈልግም የሚል ሰው ከጋይንት ከየት ይምጣ! ከዚያም ክረምቱ በረታ፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ፣ ወደየአረሙ ተበተነ። ክሱ ሳይጻፍ ቀረ።

ሰዎች፣ «ሁለት ወር ቀድመሽ ብታውቂስ ምን ልታመጭ ነበር?» ይሉኛል። ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ካምፑ በር ላይ «አያ፣ መሬቴን ዘንድሮ እፈልገዋለሁ» እል ነበር። ወንድሜ ጥንድ በሬ አለው፤ ይዘራልኝ ነበር። ሙሉው ገብስ እኔንና ልጄን ከዓመት ዓመት ያደርሰናል፤ ግማሹ ከሚያዝያ አያልፍም። ከሥራ መውጣትስ ያለ ነው፤ መንገድም አንድ ቀን ያልቃል። እነሱ የወሰዱብኝ አዎ ወይም አይ የምልበትን ቀን ነው።

ሐምሌ ላይ አፍሬም ቢሆን ወደ መሬቱ ሄድኩ። ገብሱ ከቁርጭምጭሚት አልፏል፤ ሽማግሌው ከዳር ቆመዋል።

«አያ፣ ሥራዬን አጣሁ።»

«ሰምቻለሁ ልጄ፤ አዘንኩ።» ወደ ቡቃያው ጠቆሙና፣ «ዘር ግን ገብቷል» አሉ።

«አውቃለሁ። መልሱልኝ ልል አልመጣሁም።» ዋሸሁ። ለዚያው ነበር የመጣሁት።

ገብሱን አዩ፣ እኔን አዩ። አረሙ የአራሹ ድካም ነው፤ ልጆቻቸው ደግሞ ወደ ቆላ ለሥራ ወርደዋል። «የሚያርምልኝ ሰው እፈልግ ነበር» አሉ። «ዋጋውን በእህል እሰጥሻለሁ። ስምንት ቀን ቢሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ የለኝም። ካሁኑ ዕወቂው።»

የቀሚሴን ጫፍ ሰብስቤ መቀነቴ ውስጥ ሻጥኩ። ይህን መሬት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ኋላ ኋላ እየሄድኩ አርሜዋለሁ፤ ውኃ የሚተኛበትን አውቃለሁ፣ ሙጃ የሚበረታበትን አውቃለሁ።

«ከየትኛው ጫፍ ልጀምር?» አልኳቸው።