ያልታጠበች ድንጋይ

ወረቀት እንዳይበርብኝ የምጭናትን ይህችን ድንጋይ እስኪ ያንሷት። እንደ ደፈረሰ ብርጭቆ ናት፤ ጎኖቿ ሁሉ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘመሙ ናቸው። ብትሰበር እንኳ ስባሪዋ ያንኑ ያዘመመ ቅርፅ ይዞ ይወጣል። ካልሳይት ትባላለች። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ እጄ ሳላስበው ወደ እርሷ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የአሰብ ሽታ ይመጣብኛል፤ የጨው፣ የናፍጣና ፀሐይ የመታው ዓሣ ሽታ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ወደብ ላይ የክሬን ሠራተኛ ነበር፤ እኔም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። የሳይንስ መምህራችን ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀቱን ፈጽሞ ያልለመደ፣ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጎ የሚያስተምር ሰው ነበር። ቤተ ሙከራ አልነበረንም። እርሱ ግን አንድ የተሰበረ የግድግዳ ማጆሊካ፣ አንድ ሳንቲም፣ የመስኮት መስተዋት ስባሪና አንድ ጠርሙስ አቼቶ በካርቶን ይዞ ይገባና «ቤተ ሙከራችን መጣ» ይለን ነበር።

«የድንጋይን ስም ከመልኩ አትጠይቁ» ይል ነበር። ጥፍር የሚጭረው፣ ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም ነው። ጥፍር የማይበግረው፣ ሳንቲም ግን የሚጭረው፣ ዱቄቱም አቼቶ ጠብ ሲልበት አረፋ የሚያወጣው ካልሳይት ነው። መስተዋትን ራሱን የሚጭረው ኳርትዝ ነው። ጥቁር መስሎ በማጆሊካው ጀርባ ላይ ሲፈተግ ቀይ መስመር የሚጥለው የብረት ድንጋይ ነው። ጨው ደግሞ በምላስ ይታወቃል።

በምላሱ ላይ ግን አሰብ የራሷ ወጥመድ ነበራት። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ መስኮቱን፣ ልብሱን፣ ከንፈራችንንም ጨው ያለብሰው ነበር። በመጀመሪያው ትምህርት የሰጠንን ድንጋይ ሁሉ እየላስን «ጨው! ጨው!» ስንል መምህራችን ፎጣው እስኪወድቅ ሳቀ።

«እንዲህማ ከሆነ እኔም ጨው ነኝ» አለ። «ኑ ቅመሱኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ሳይታጠብ አይቀመስም ተባለ። ንጹሕ ውኃ ብርቅ ስለ ነበረ ከራሱ የመጠጥ ጀሪካን በክዳኑ እየለካ ያፈስልን ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ግድም አንድ ዜና መጣ። ድንጋዮችን ከሁሉ አብልጦ የሚለይ አንድ ተማሪ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዶ ክረምቱን ከጂኦሎጂ ባለሙያዎች ጋር ያሳልፋል። የአሰብን ክረምት ለሚያውቅ፣ ከዚያ እሳት መውጣቱ ብቻውን ሽልማት ነበር። እኔ ግን የምመኘው ሥራውን ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ይህንኑ መሥራት። መምህሬም ያውቅ ነበር።

«ቦታዋ ያንተ ናት» አለኝ። «ድንጋይ አይዋሽም፤ እኔም አልዋሽም።»

በውድድሩ ቀን እንግዶች ከፊት ተቀመጡ። በመካከላቸው ካኪ የለበሰው የከተማው ካድሬ ነበረ፤ ልጁ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ «አንተ ድንጋይ በላ፣ ምሳህን ያዝህ?» እያለ ሲቀልድብኝ እኔም እስቅ ነበር። በመጨረሻ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ አንድ ድንጋይም ቀረ። ይህችው ናት። መምህሬ ከትውልድ ቀዬው በሻንጣው ያመጣት ስትሆን፣ ከዋዜማው ጀምሮ ክፍት መስኮት ላይ ተቀምጣ አድራለች።

የካድሬው ልጅ አንሥቶ ላሳት። «ጨው ነው» አለ።

እኔ በጥፍሬ ሞከርኋት፤ እምቢ አለች። በሳንቲም ጫርኋት። ነጩ ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ ባደርግበት ጥቃቅን አረፋ ፈላ፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ሹክሹክታው ይሰማኝ ነበር። «ካልሳይት ናት፣ ቲቸር» አልሁ።

«እህ፣ ጓድ መምህር» አለ ካድሬው፣ እግሩን አጣምሮ። «የማንኛቸው ነው ትክክሉ?»

መምህሬ አንገቱን በፎጣው ጠረገ። ጀሪካኑ እግሩ ሥር ነበር። ድንጋይዋን አነሣ፤ ሳያጥባትም ወደ ምላሱ አስጠጋት።

«ጨው ነው፣ ጓድ» አለ።

«ቲቸር፣ አልታጠበችም እኮ።»

«ቁጭ በል» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«ደግሞ ተማሪ መምህሩን ማረም ጀመረ?» አለ ካድሬው፤ እንግዶቹም ሳቁ። ከክፍሌ ልጆች ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። ሁሉም ያንን ትምህርት ተምረዋል።

አባቴ እንደምሄድ ለወደብ ጓደኞቹ ሁሉ ነግሮ ነበር። ቤት ስገባ «ተሳሳትህ እንዴ ልጄ?» አለኝ።

«አዎ፣ ተሳሳትሁ» አልሁት። መምህሬን በአባቴ ፊት ማዋረድ አልቻልሁም።

የካድሬው ልጅ ሄደ። ሲመለስ ከረሜላ አምጥቶ ሰጠኝና «እኔማ ምኑን አውቄው፤ ጨው ጨው አለኝ፣ ጨው አልሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ያታለለኝ እርሱ አልነበረም።

መምህሬ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሊሄድ ሲል ወደ ቤቱ አስጠራኝ። በረንዳው ላይ ጀሪካኑን አነሣና፣ በክዳኑ ሳይለካ፣ ውኃውን ድንጋይዋ ላይ ገለበጠው። አሸዋው ውኃውን ቸስ ብሎ እስኪጠጣው ድረስ አጠባት፤ በፎጣው አደረቃትና መዳፌ ላይ አኖራት። ስሟን እስኪናገር ጠበቅሁ። በዚያ በረንዳ ላይ ከእኔ በቀር ሰሚ አልነበረም፤ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

«ፀሐዩ ከርሯል፤ ወደ ቤትህ ግባ» አለኝ።

ጂኦሎጂስት አልሆንሁም። ቢሮ ገባሁ፤ በዚያም አረጀሁ። ራሴ ባላረጋገጥሁት ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም፤ አለቆቼም ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣሁት ይጠይቁኝ ነበር። መምህሬ ፈርቶ እንደ ነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ያ ዘመን ምን ያደርግ እንደ ነበር እርስዎም ያውቁታል። መፍራቱ ቢገባኝም ግን ያቺ «ቁጭ በል» አልለቀቀችኝም።

ከፈለጉ ይቅመሷት፤ ታጥባለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ወደ ምላሴ አስጠግቻት አላውቅም።