ከበሮ በሰዓት እላፊ

የጭሮው ልብስ ሰፊ ሙሜ በደርግ ዘመን ላይ የሚቀልደው የቴሌቪዥን ኮሜዲ አንድም ሳምንት አያመልጠውም፤ የሚከፍተው ግን ሊስቅበት ሳይሆን ሊጣላው ነው።

«ለቀበሌ ስኳር ተሰልፎ እንዲህ የሚንከተከት ማን ነበር?» ይላል። «የሱሪውን ጥበት ደግሞ እዩልኝ! ያኔ ጎረምሳው ሁሉ ቤልቦተም ስፋልኝ እያለ መቀመጫ መቆሚያ ያሳጣኝ አልነበር?»

ሚስቱ ሰዓዲያ ጫቷን ትቀነጥሳለች። የሰውዬውን አመል ለምዳዋለች።

ባለፈው እሁድ ኮሜዲው ሠርግ ነበረው። ሙሽራዋን በሌሊት፣ በከበሮና በእልልታ ሲወስዷት ሙሜ ከፍራሹ ብድግ አለ።

«ይሄስ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው! በሰዓት እላፊ ከበሮ? ወላሂ፣ ድም ቢል መልሱ ጥይት ነበር! አንቺንስ በሠርጋችን ኒካው አምሽቶብን ጓሮ ለጓሮ አይደል ያመጣሁሽ? ጫማሽን አውልቀሽ፣ በእጅሽ ይዘሽ፣ ሳል እንኳ አፍነሽ!»

ሰዓዲያ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ጨመረችው።

«ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ፣ የአክረም አባት» አለችው፣ ዓይኗን ከሙሽራዋ ሳትነቅል። «ተዋቸው፤ ለእኔ ያልተመታውን ይምቱልኝ።»