ስፓኒሽ የተማርኩት ለብርቄ ነው

ከሀዋሳ ልንወጣ የነበረ ዕለት ማታ፣ እናቴ ታናሼን ብርቄን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ወደኔ እየጠቆመች፣ «ይቺን ታውቂያታለሽ?» ትላታለች። «አላውቃትም» ትላለች ብርቄ። «ደግመሽ በይ!» «አላውቃትም!» ብርቄ ስምንት፣ እኔ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። እኔ ሳቄ መጣ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ምን መሰላችሁ፣ አባታችን ኦጋዴን ቀርቷል። ቀበሌው የሟች ወታደር ልጆችን ኩባ ለትምህርት ሲመዘግብ፣ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ብቻ አለ። እናቴ ደግሞ አንዷ ለብቻዋ ባሕር ትሻገር? ሞቼ ነው ቆሜ! ብርቄን ቡሹሎ ባለችው አክስቴ ቤት፣ እዚያው ጦርነት ላይ በሞተው ባሏ ስም አስመዘገበቻት። ይህ ከታወቀ እናቴ ትታሰራለች። መናኸሪያ ስንሳፈር በጆሮዬ፣ «አደራሽን፣ ዓይንሽን ከሷ እንዳትነቅዪ» አለችኝ።

ከአሰብ በመርከብ ስንት ቀን እንደሄድን እንጃ፤ ትዝ የሚለኝ ትውከቱ ነው። የደረስንበት ደሴት ሙቀቱ አይጣል! እንደ ሐይቃችን ያለ ነፋስ የለ፣ ምን የለ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ቶሮንሃ የሚሉትን መራራ ብርቱካን መልቀም፣ ማታ ሩዝ በጥቁር ቦሎቄ። ቆጮ በሕልሜ እየበላሁ ትራስ ሳኝክ አድሬያለሁ።

አስተማሪያችን ኦዳሊስ ደረቷን እየመታች «ዮ!» ትላለች፤ እኔ ማለት ነው። ወደኛ እየጠቆመች «ቱ!»፤ አንተም አንቺም ያው ነው። «እኔንም ቱ በሉኝ» ብትል ማን ደፍሮ! እናታችንን የምታክል ሴት አንቺ ልንላት? ኧረ ባለጌ አላሳደገንም! «ኤያ» እሷ፣ «ኖሶትራስ» እኛ ሴቶች።

በወሩ ትንንሾቹ ደሴቱ ማዶ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወሩ ነው ተባለ። አራት ቀን ቀረ። ከአገር አብሮን ለመጣው ካድሬ በአማርኛ ብነግረው እናቴን ማስበላት ነው። የቀረኝ ለኩባዊው ዳይሬክተር በስፓኒሽ መንገር ብቻ። ሽንት ቤት እየገባሁ «ኤያ፣ ዮ፣ ኖሶትራስ፣ ኤርማናስ» ስል ሰነበትኩ። እሷ፣ እኔ፣ እኛ፣ እህትማማቾች።

ዳይሬክተሩ አዳመጠኝ። መዝገቡን ገልጦ የአባቶቻችንን ስም አሳየኝ፤ አይገናኝም። ከኔ በፊት የገባው ልጅ ከጓደኞቹ እንዳይለዩት አሥራ አራት ወንድም አለኝ ብሎት ኖሮ፣ ዳይሬክተሩ በጣቱ አሥራ አራት እየቆጠረ ከት ብሎ ሳቀብኝ። እንዲያም ሆኖ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩ ይጣራ ብሎ ብርቄንና ካድሬውን አስጠራ። 

«ይቺ እህትሽ ናት?» አላት ካድሬው።

ብርቄ አየችኝ። «አላውቃትም» አለች።

«አንቺስ? ምንድን ነው የቀባጠርሽለት?»

«ጓድ፣ ስፓኒሹ ተምታቶብኝ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ብርቄን በጭነት መኪና ወሰዷት። እጇን እንኳ አላወዛወዘችልኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቀጠሮ ስልክ ከእናቴ ጋር ተገናኘን። ብርቄን በጭነት መኪናው ከወሰዷት ወዲህ አላየኋትም ነበር። እናቴ ሀዋሳ ቴሌ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነው የዋለችው።

«ብርቄስ? አቅርቢልኝ እስቲ!»

«ክፍል ገብታለች እማዬ።»

«ፀጉሯን ማን ይሠራላታል?»

«እኔ ነኛ!»

«ተመስገን!» አለች፤ ስታለቅስ ይሰማኛል። «ስትሠሪያት እንዳታጠብቂባት፣ ራሷን ያማታል።»

«እሺ እማዬ» አልኳት፣ «አላጠብቅባትም።»