የሚሞቀው በረዶ

በደርግ ጊዜ ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ቀን በቀትር፣ ሙቀቱ የራያን ሜዳ እንደ ሕልም በሚያርገበግብበት ሰዓት፣ የተማሪዬ የዘሃራ አባት ጋሽ ይማም ከዋጃ ተነሥተው የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ድረስ መጡ።

«ልድራት ስለሆነ ልወስዳት መጣሁ» አሉኝ።

ዘሃራ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ብለምናቸው፣ ብለምናቸው እሺ አላሉኝም። ውሃ ጠምቷቸው ኖሮ መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ብርጭቆ አነሡ።

«አይጠጡት! ውሃ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

ሲደነግጡ ጣታቸው ውስጡ ገባ። ከጣታቸው ሥር ነጭ መርፌ የመሰለ ነገር እንደ አበባ እየፈካ ወረደና ዓይናችን እያየ ብርጭቆው ሙሉ በረዶ ሆነ።

«ቢስሚላሂ!» አሉ። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይሞቃል እኮ!»

«ሶዲየም አሲቴት ይባላል» አልኳቸው። «ከኮምጣጤና ከቢካርቦኔት የሚሠራ ጨው ነው። ፈልቶ በዝግታ ሲበርድ ከልኩ በላይ ጨው እንደያዘ ውሃ መስሎ ይቆያል። የሆነ ነገር ሲነካው ግን ይረጋል፤ ሲረጋም የያዘውን ሙቀት ይለቃል።»

«ማን ሠራው?»

«ዘሃራ።»

ብርጭቆውን ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ቀስ ብለው አስቀመጡትና ብቻቸውን ሄዱ።

በሳምንቱ አንድ ጎረምሳ በክንዱ ይዘው ተመለሱ።

«ሙሽራው ይኼ ነው» አሉኝ። «እሷ የምታውቀውን ሳያውቅ አልድርለትም። አስተምረው።»