እንጉዳይ ኢንሹራንስ ሲገባ

ዓርብ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሰበታ

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ደረስኩ። በአንድ እጄ በጨርቅ የጠቀለልኩት ድስት፣ በሌላው የመሳፈሪያዬ ሳንቲም።

«እትዬ፣ ምን ይዘዋል?» አለኝ ሾፌሩ።

«እንጉዳይ ነው። ፒያሳ ኢንሹራንስ ላስገባው ነው።»

አይ ሳቁ! መሪው ላይ ተደፋ። «መብረቅ ያበቀለውን?»

ያበቀልኩትስ እኔ ነኝ። ከአንድ ጣሊያን ተምሬ፣ በጨለማ ጎጆ፣ በፈረስ ፍግና በገለባ ላይ። አምና ሙቀት ገባና በሳምንት ሁሉም ሻገተ። ዘንድሮ ከደገመኝ ጎጆውን ዘግቼ የወንድሜ ጥገኛ መሆኔ ነው። ይህን ለሾፌሩ አልነገርኩትም፤ ደስ ብሎኛል፣ ለምን ጠዋቴን አበላሻለሁ!

ሦስት ሰዓት፤ ቸርችል ጎዳና

ወይ ፒያሳ! የኬክ ሽታ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡ ታክሲዎች። ወርቅ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰውዬ ድስቴን አይቶ «እትዬ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ? እኔ ገና ቁርስ አላገኘሁም» አለኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ኢንሹራንስ ቤቱ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ቢሮው ውስጥ

ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክሌ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጾመው ስለዋሉ ፊታቸው ተኮሳትሯል።

«በረዶ ቢመታው ነው የምትፈሪው? ወይስ አንበጣ?»

«የሚበቅለው ቤት ውስጥ ነው ጌታዬ። ጠላቱ ሙቀት፣ ዝንብና ሻጋታ ነው።»

«ለመሆኑ ሰው ይበላዋል?»

ክዳኑን ከፈትኩ። የሽንኩርቱና የቃሪያው ሽታ ክፍሉን ሞላው። አቶ ተክሌ ብድግ አሉ።

«አንቺ ሴት! በዓርብ ምድር ጥብስ ይዘሽ ትመጫለሽ?»

ለካ ሥጋ መስሏቸዋል!

«የጾም ነው ጌታዬ! በኑግ ዘይት ነው የሠራሁት!»

አላመኑኝም። ጸሐፊያቸው ሽኩር ብድግ አለ። «ጋሼ፣ እኔ እስላም ነኝ፤ ጾሙ አይመለከተኝም፤ ሥጋ አለመሆኑንም እትዬን አምናለሁ። ልቅመስና ልመስክር።» ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ሥጋ አይደለም ጋሼ። ከሥጋ ይሻላል!»

አቶ ተክሌ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ደገሙ። ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሁሉ ሥራቸውን ጥለው መጡ። እኔ ቆሜ እስቃለሁ።

ከዚያ የእንጉዳይ ፎርም ስለሌለ የቤት ቃጠሎ ፎርም ወጣ። አቶ ተክሌ «እሳት» የሚለውን ሰርዘው «ሙቀት» ብለው ጻፉ። «ዝንብ፣ ሻጋታ» ብለው ጨመሩ።

«በይ፣ ከፋይሉ ጋር የሚቀመጥ ናሙና ስጪን።»

ድስቱን አየን። ተጠርጎ ያበራል።

አቶ ተክሌ ጥቂት አሰቡና አንድ መስመር ጨመሩ። ሽኩር ጮክ ብሎ አነበበው፦ «አራተኛ አደጋ፦ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማኅተሙ ጧ ሲል እኔ እንባዬ መጣ። ጎጆዬ አይዘጋም!